የግቢ ካሜራን ከሩቅ ለማየት፦ ፖርት መክፈት ይሻላል ወይስ ሌላ መንገድ?

ለገጣፎ አካባቢ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ የካሜራ መቅረጫው ሌሊት ሌሊት ይጮህ ነበር። ከቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠው ጥቁር ሣጥን ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ይጀምራል። የቤቱ እመቤት መጀመሪያ አይጥ መሰላቸው፤ ቀጥሎ ዕቃው ሊቃጠል ነው ብለው ፈሩ። በመጨረሻ "ልጄ፣ እንቅልፍ ነስቶኛልና ና ንቀልልኝ" ብለው ደወሉልኝ። ሄጄ የመቅረጫውን መዝገብ ስከፍት ገጹ ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓይነት መስመር ተሞልቷል፦ ያልተፈቀደ የመግቢያ ሙከራ። ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። አድራሻዎቹ የቤቱ ሰዎች አይደሉም፤ የአገራችንም አልነበሩም። ሣጥኑ አልተበላሸም፤ በሩ ሲንኳኳ ባለቤቱን እየጠራ ነበር።

በሩን የከፈትኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ከወራት በፊት ውጭ አገር የምትኖር ልጃቸው ግቢውን በስልኳ ማየት ስለፈለገች ራውተሩ ላይ፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ለቤቱ በሚያከፋፍለው ሣጥን ላይ፣ ፖርት ፎርዋርዲንግ አዘጋጀሁ፤ ፖርት ከውጭ ወደ መቅረጫው የሚያስገባ ቁጥር ያለው በር ነው። ምስሉ ሲመጣላት ደስ ብሎኝ ቡናዬን ጠጥቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው "ካሜራዬን ከሩቅ ማየት እፈልጋለሁ" ሲለኝ ወደ ራውተሩ ከመሄዴ በፊት ተቀምጬ እጠይቃለሁ። ማን ነው የሚያየው? ከየት ሆኖ? መስመሩ ምን ዓይነት ነው? መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ ይጠፋል?

መንገዶቹ በመሠረቱ አራት ናቸው። አንደኛው ፖርት መክፈት ነው። ሁለተኛው አምራቹ ያዘጋጀውን የስልክ መተግበሪያ በኪውአር ኮድ ማገናኘት ነው፤ ገጣሚዎች ፒቱፒ ይሉታል። ሦስተኛው ቪፒኤን፣ ማለትም ከውጭ ወደ ቤት የሚያስገባ የግል መስመር፣ በቤት ውስጥ ማቆም ነው። አራተኛው ሲም ካርድ የሚገባበት ካሜራ መግዛት ነው። ብዙ ገጣሚ ከአራቱ የሚመርጠው እጁ የለመደውን ነው፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የሚጎዳው ግን ከእኛ ይልቅ ግቢው ነው።

በሩ በእርግጥ የእርስዎ ነው?

ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብዎት መስመርዎ ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ፣ ማለትም ፐብሊክ አይፒ፣ እንዳለው ነው። ይህን ሳያጣሩ ፖርት መክፈት ቀኑን ሙሉ ያደክማል።

ነገሩ ከጥበቃ ጋር ይመሳሰላል። ራውተርዎ የግቢዎ ጥበቃ ነው። ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑና መቅረጫው በውስጥ የየራሳቸው ክፍል አላቸው፤ የውጭ ሰው የሚያውቀው ግን የግቢውን በር ብቻ ነው። ከውስጥ ሰው ልኮበት መልስ ይዞ የሚመጣን ጥበቃው ያስገባል፤ ሳይጠራ የመጣን ይመልሳል። ፖርት ፎርዋርዲንግ ማለት ለጥበቃው "8000 ቁጥርን ፈልጌ ነው የሚል ሰው ከመጣ ማንነቱን ሳትጠይቅ ወደ ኋላኛው ክፍል ላከው" ብሎ ማዘዝ ነው። "ሳትጠይቅ" የሚለውን ቃል ያስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ደግሞ ግቢዎ በአጥር በተከለለ ትልቅ የመኖሪያ መንደር ውስጥ ነው እንበል። ዋናው በር ላይ ሌላ ጥበቃ አለ፤ እሱን የሚያዘው የመንደሩ አስተዳደር ነው። የራስዎን ጥበቃ የፈለጉትን ያህል ቢያዙት እንግዳው ዋናውን በር አያልፍም። ሲጂናት የሚባለው አሠራር ይኸው ነው፤ አገልግሎት ሰጪው ብዙ ደንበኞችን ከአንድ አድራሻ ኋላ ያስቀምጣል። ምክንያቱ የአድራሻ እጥረት ነው። አሁንም በስፋት የምንጠቀምበት የአድራሻ ሥርዓት በአጠቃላይ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ቁጥሮች ብቻ ነው ያሉት፤ ቁጥሮቹን ለዓለም የሚያከፋፍለው አካል የመጨረሻ ክምችቱን ለየአህጉራቱ መዝጋቢዎች ያደለው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ነበር። በሞባይል ዳታ መስመር ላይ ሲጂናት በዓለም ሁሉ የተለመደ ነው።

ማጣራቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቤትዎ ውስጥ ሆነው የራውተሩን ገጽ ይክፈቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም በፋይበር ሣጥኖች ላይ 192.168.100.1 ነው። እዚያ ዋን (WAN፣ የውጭ መስመር) ከሚለው ሥር ያለውን አድራሻ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ቀጥሎ "የእኔ አይፒ ስንት ነው" የሚለውን የሚመልሱ ድረ ገጾች አንዱን በዚያው ዋይፋይ ይክፈቱ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ በሩ የእርስዎ ነው። የተለያዩ ከሆኑ፣ በተለይም የራውተሩ ቁጥር በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምር፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያለ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 የሚደርስ ከሆነ ከእርስዎ በላይ ሌላ በር አለ። የመጨረሻው ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ለሲጂናት ተብሎ የተለየ ነው።

አንድ ማሳሳቻ ልጨምር። በፋይበር ሣጥኑ ላይ የራስዎን ራውተር ቀጥለው ከሆነ የሁለተኛው ራውተር ገጽ 192.168 የሚል አድራሻ ያሳያል። ይህ ሲጂናት ላይሆን ይችላል፤ በገዛ ቤትዎ ሁለት ጥበቃ ቀጥረው ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሣጥን ገጽ ይመልከቱ። ሌላ በር የአገልግሎት ሰጪው ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ምርጫው ሁለት ነው፦ በተጨማሪ ክፍያ ቋሚ ፐብሊክ አይፒ ይሰጡኝ እንደሆነ መጠየቅ፣ ወይም ፖርት ፎርዋርዲንግን ረስቶ ወደ ሌሎቹ መንገዶች ማለፍ። የቤት ደንበኛ ከሆኑ ሁለተኛውን እመክራለሁ፤ ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች ይታያል።

ፖርት መክፈት

ጥሩ ጎኑን አልክድም። በመካከል የሌላ ሰው አገልጋይ ኮምፒውተር የለም፤ ምስሉ ከግቢዎ ቀጥታ ወደ ስልክዎ ይመጣል፤ ወርሃዊ የደንበኝነት ክፍያም የለውም። አምራቹ ነገ ሱቁን ቢዘጋ የእርስዎ ካሜራ መሥራቱን አያቆምም። በዚህ በኩል ራሱን የቻለ መንገድ ነው።

አሠራሩም ከባድ አይደለም። ለመቅረጫው የማይለወጥ የውስጥ አድራሻ ይስጡት፤ ለምሳሌ 192.168.1.200። ራውተሩ ላይ ፖርት ፎርዋርዲንግ ወይም ቨርቹዋል ሰርቨር የሚለውን ገጽ ከፍተው የመቅረጫውን የአገልግሎት ፖርት ወደዚያ አድራሻ ይምሩ። በሂክቪዥን መቅረጫዎች ከፋብሪካ የሚመጣው ቁጥር 8000፣ በዳሁዋ 37777 ነው። የድረ ገጹን 80 እና የቪዲዮውን 554 መክፈት አያስፈልግም፤ ለስልክ መተግበሪያው አንዱ ይበቃዋል። "ዲኤምዜድ ውስጥ አስገባው፣ ይገላግልሃል" የሚል ገጣሚ ካጋጠመዎት ሒሳቡን ከፍለው ያሰናብቱት። ዲኤምዜድ ማለት ጥበቃውን አባርሮ በሩን ነቅሎ መውሰድ ነው።

ሲጨርሱ መሥራቱን የሚፈትኑት በቤትዎ ዋይፋይ አይሁን። ብዙ ራውተሮች ከውስጥ ወጥቶ በራሱ በር የሚመለስን ሰው አያስተናግዱም፤ ስለዚህ የሠራው ያልሠራ ይመስልዎታል። ዋይፋዩን አጥፍተው በሞባይል ዳታ ይሞክሩ። እኔ ይህን ሳላውቅ ሰበታ ውስጥ አንድ ሙሉ ከሰዓት የሚሠራን ነገር ሳፈርስና ስገነባ ውያለሁ፤ ባለቤቱ እንዳይታዘቡኝ ኬብሉን ሁሉ ነቅዬ ደግሜ ሰክቼዋለሁ።

ከዚያ የከተማ ዳር ኑሮ ይመጣል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ እንደ አዲስ ይነሣል፤ የውጭ አድራሻውም ብዙውን ጊዜ ይለወጣል። ትናንት ማታ የሠራው ዛሬ ጠዋት የለም። መድኃኒቱ ዲዲኤንኤስ የሚባል አገልግሎት ነው፤ ለተለዋዋጩ ቁጥር የማይለወጥ ስም ይሰጠዋል፤ ዳክዲኤንኤስን የመሰሉ ነጻ አማራጮችም አሉ። ለመቅረጫው ቋሚ የውስጥ አድራሻ ካልሰጡት ደግሞ እሱም ከመብራቱ ጋር ቁጥሩን ይቀይርና ጥበቃው እንግዳውን ባዶ ክፍል ይልከዋል። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቡራዩ "ካሜራው ድንገት ጠፋ" ተብዬ ከሄድኩባቸው ቤቶች በብዙዎቹ የሆነው ይኸው ነው።

አሁን "ሳትጠይቅ" ወደሚለው ቃል ልመለስ። ጥበቃው አይጠይቅም፤ መጠየቅ ያለበት መቅረጫው ራሱ ነው። መቅረጫ ደግሞ ምስል እንዲቀርጽ የተሠራ ዕቃ ነው እንጂ ከዓለም ሁሉ ለሚመጣ እንግዳ በር ላይ እንዲቆም የተሠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ፕሮግራም ይህን ለዓለም አሳየ። የሠራው ነገር ቀላል ነበር፦ በኢንተርኔት ላይ ክፍት ሆነው የሚገኙ ካሜራዎችን፣ መቅረጫዎችንና ራውተሮችን እየፈለገ ስልሳ ያህል የፋብሪካ መለያ ስሞችንና ይለፍ ቃሎችን በተራ ይሞክራል። የገባበትን ዕቃ ወታደሩ ያደርገዋል። ጥቅምት 21 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ዳይን የተባለውን፣ የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻ የሚመራ ድርጅት ሲያጠቁበት ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ገጾች ለሰዓታት ለብዙ ሰው አልከፍት አሉ። ሚራይን ፈጥረናል ብለው በኋላ ፍርድ ቤት ያመኑት ሦስት ወጣቶች ነበሩ። በአንድ ሰው ግቢ የተሰቀለ ካሜራ ባለቤቱ ሳያውቅ እዚያ ሠራዊት ውስጥ ተሰልፎ ነበር ማለት ነው።

"የእኔን ይለፍ ቃል ማንም አይገምተውም" ይሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በሂክቪዥን ዕቃዎች ላይ የተገለጠው ቀዳዳ ግን ይለፍ ቃል ጭራሽ አይጠይቅም ነበር፤ የዕቃውን የድረ ገጽ በር ማግኘት ብቻ ይበቃ ነበር። በዚያው ዓመት በዳሁዋ ዕቃዎችም መግቢያውን አልፎ ለመሄድ የሚያስችል ቀዳዳ ተገልጧል። ሁለቱም አምራቾች ማስተካከያ አውጥተዋል። ጥያቄው ግቢዎ ውስጥ ያለውን መቅረጫ ከተገጠመ ወዲህ ሶፍትዌሩን ማን አደሰው የሚለው ነው። እኔ ከምደርስባቸው ቤቶች መልሱ "ማንም" ነው።

"ደግሞስ እኔን እዚህ ገላን ዳር ማን ያውቀኛል?" የሚሉም አሉ። ማንም አያውቅዎትም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ዚማፕ የተባለ መሣሪያ ከአንድ ኮምፒውተርና ከአንድ ፈጣን መስመር ብቻ ተነሥቶ የኢንተርኔትን አድራሻ በሙሉ በ45 ደቂቃ ውስጥ ሊያንኳኳ ይችላል። ሾዳን የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ክፍት ዕቃዎችን እየመዘገበ እንደ መጻሕፍት ቤት ማውጫ ለፈላጊ ያቀርባቸዋል። ቁጥሩን ከ8000 ወደ 48213 መቀየር ማንኳኳቱን ይቀንሰዋል፤ አያስቀረውም። የለገጣፎው ሣጥን ዓይነት ጩኸት ሊቀርልዎት ይችላል፤ ያ ግን መጥፎውንም ዜና ያጠፋል።

ሳይነግሩዎት የሚከፈት በርም አለ። ዩፒኤንፒ የሚባለው ተግባር በራውተሩም በመቅረጫውም ላይ በርቶ ከሆነ መቅረጫው ራሱ ጥበቃውን "ክፈትልኝ" ብሎ ያዛል። ስለዚህ ፖርት ባይከፍቱም እንኳ ዛሬ ገብተው ሁለቱም ላይ ያጥፉት።

የአምራቹ መተግበሪያ

ከመርካቶም ሆነ ከመገናኛ የተገዛ መቅረጫ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ከኪውአር ኮድ ጋር ይመጣል። መተግበሪያውን ያወርዳሉ፣ ኮዱን ያነሣሉ፣ ምስሉ ይመጣል። ፐብሊክ አይፒ አይጠይቅም፤ መቅረጫው ራሱ ወደ አምራቹ አገልጋይ ይደውልና መስመሩን ከፍቶ ስለሚጠብቅ ከሲጂናት ኋላም ይሠራል። መብራት ሄዶ ቢመጣ ራሱ ተመልሶ ይገናኛል። ለአንዲት እናት በዋትስአፕ ቪዲዮ ከመደወል አይከብዳቸውም። ለከተማ ዳር ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሚያስከፍለው እምነት ነው። ከግቢዎ እስከ ስልክዎ ባለው መንገድ ላይ የማያውቁት ድርጅት ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2019 አይሊንክፒቱፒ የተባለውን የመገናኛ ሶፍትዌር በሚጠቀሙ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች ላይ የመለያ ቁጥሩን በመገመት ብቻ መድረስ እንደሚቻል አንድ ተመራማሪ አሳይቷል፤ አብዛኞቹ ስም የለሽ ርካሽ ካሜራዎች ነበሩ። በመጋቢት 2021 ደግሞ ቨርካዳ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በደመና ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት ባሉ አገልጋዮች በኩል፣ ያስተዳድራቸው ከነበሩ 150 ሺህ ያህል ካሜራዎች ምስል ሰርጎ ገቦች እጅ ገባ፤ የተጠቀሙት የተጋለጠ የአስተዳዳሪ መግቢያ ነበር። ውድም ርካሽም ቢሆን ቁልፉ ሌላ ሰው ዘንድ ካለ አደጋውም እዚያ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ የእኔን ፍርድ ልናገር፦ ለተራ መኖሪያ ቤት፣ ስም ካለው አምራች የተገዛና የሚታደስ መቅረጫ እስከሆነ ድረስ፣ ፒቱፒ በግዴለሽነት ከተከፈተ ፖርት እጅግ ይሻላል። ፖርት የዓለምን ሰው ሁሉ በር ላይ ያሰልፋል፤ ፒቱፒ አንድ ድርጅትን ማመን ነው።

ከአምራቹ ይልቅ የሚያሳስበኝ ገጣሚው ነው። መቅረጫ የመጀመሪያ ባለቤት ሆኖ በሚመዘገብበት የኢሜይል ወይም የስልክ መለያ ይታሰራል። ብዙ ጊዜ ገጣሚው ቶሎ ለመጨረስ በራሱ ስልክ ይመዘግበውና ለቤቱ ሰዎች "አጋርቻችኋለሁ" ብሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የመኝታ ቤትዎን ኮሪደር ማየት የሚችለው ማን እንደሆነ ያስቡት። ሱሉልታ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ገጣሚው ስልክ ቀይሮ ጠፍቶባቸው፣ የገዛ ካሜራቸው እንግዳ ሆኖባቸው ነበር፤ የግዢ ደረሰኝ ፈልገን፣ ለአምራቹ አመልክተን፣ ብዙ ቀን ጠብቀን ነው ያስፈታነው። ገጣሚው መሰላሉን ከማጠፉ በፊት ኮዱን በራስዎ ስልክ ያንሡ፤ የመቅረጫውን የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል በፊቱ ይቀይሩ። ቅር ቢለው ምክንያቱን ይጠይቁት።

ቪፒኤን

ቪፒኤን ሲባል እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያስበው የተዘጋ ድረ ገጽ መክፈቻውን ነው። ይህኛው አቅጣጫው ተቃራኒ ነው፤ እርስዎ ውጭ ሆነው ወደ ገዛ ቤትዎ የሚገቡበት የግል ኮሪደር ነው። ስልክዎ ቱሉ ዲምቱ ሳሎን ውስጥ ያለ ያህል ይሆናል፤ መቅረጫው ለኢንተርኔት ጭራሽ አይታይም።

ፐብሊክ አይፒ ካለዎትና ራውተርዎ የሚችል ከሆነ ዋየርጋርድ የሚባለውን ያቁሙ። እዚህም አንድ ፖርት ይከፈታል፤ የተለመደው 51820 ነው። ልዩነቱ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ነው፤ ትክክለኛ ቁልፍ ያልያዘን ሰው "አይቻልም" ብሎ እንኳ አይመልስለትም፣ ዝም ይላል። የሚያንኳኳው ፕሮግራም ሰው የሌለበት ቤት መስሎት ያልፋል። ዋየርጋርድ በጥቂት ሺህ መስመሮች የተጻፈ በመሆኑ ባለሙያዎች ሊመረምሩት የቻሉት፣ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ጀምሮ ደግሞ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት እምብርት አካል የሆነ ሶፍትዌር ነው። ፖርት መክፈት ካለብዎት የሚከፈተው ይህ ይሁን፤ የካሜራው አይሁን።

ፐብሊክ አይፒ ከሌለዎት ቴልስኬልን የመሰለ አገልግሎት አለ። በዋየርጋርድ ላይ የተሠራ ሲሆን ከሲጂናት ኋላም መንገድ ፈልጎ ያገናኛል፤ ለግል አገልግሎት ነጻ ምርጫ አለው። ቤት ውስጥ ግን ሁልጊዜ የሚሠራ አንድ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ለዚህ ራስበሪ ፓይ የሚባለውን ትንሽ ቦርድ ይጠቀማሉ፤ እኔ የምወደው ግን ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የለበሰውን አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ስክሪኑ ቢሰበርም ግድ የለም። ባትሪው ትንሽ እንኳ ከያዘ መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ አይወድቅም።

ሲያዘጋጁ አንድ ነገር አስቀድመው ያድርጉ፦ የቤትዎን የውስጥ አድራሻ ከ192.168.1 ወደ ሌላ፣ ለምሳሌ ወደ 192.168.77 ይቀይሩ። ልጅዎ የምትኖርበት ቤት ራውተርም 192.168.1 ከሆነ ስልኳ የትኛውን 192.168.1.200 እንደፈለገች ግራ ይገባዋል።

ድካሙ ምን ላይ ነው ቢሉ ሰዎቹ ላይ ነው። ካሜራውን ከማየት በፊት ቪፒኤኑን ማብራት ያስፈልጋል፤ ይህችን አንድ ንክኪ የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። "ካሜራው አይሠራም" ብለው ከሚደውሉልኝ የቪፒኤን ደንበኞቼ ለአብዛኞቹ መፍትሔው "አባባ፣ እስኪ መጀመሪያ ያቺን ቁልፍ ያብሯት" ነው።

ሲም ካርድ ያለው ካሜራ

በኮዬ ፈጬ በኩል ቤት እያሠሩ ከሆነ፣ ገና መስመር ያልገባበት ቦታ ከሆነ፣ ብረትና ሲሚንቶ እንዳይወጣ ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት ሌላውን ሁሉ ይተዉት። የፀሐይ ሰሌዳ ያለው ባለ ሲም ካሜራ ይስቀሉ። ፖርት መክፈት አይቻልም፤ የሚሠራው በፒቱፒ ነው።

ሒሳቡን ግን አስቀድመው ይሥሩ። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ ጥሩ ምስል በአንድ ሰዓት 1.8 ጊጋባይት ይበላል። ዝቅተኛው ምስል፣ በሰከንድ 512 ኪሎቢት የሚልከው፣ በሰዓት 230 ሜጋባይት ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ ከፍተው ካዩት ጥቅሉ ሳምንት አይቆይም። ቅጂው በካሜራው ሚሞሪ ካርድ ላይ ይሁን፤ ወደ ስልክዎ የሚመጣው እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ይሁን። ሌሊት የሚዞር ጅብ ያለበት ሠፈር ከሆነ ደግሞ ሰውን ከእንስሳ የሚለይ ካሜራ ይግዙ። አለበለዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅስዎት ሌባ ሳይሆን የሠፈሩ ጅብ ነው።

የትኛውም መንገድ የማያስተካክለው

ከሩቅ ሲያዩ የሚጨነቀው የቤትዎ የመላኪያ ፍጥነት ነው። በመዳብ የስልክ መስመር ላይ የሚመጣ ኢንተርኔት የሚልክበት ፍጥነት ከሚቀበልበት በእጅጉ ያነሰ ነው፤ በሰከንድ አንድ ሜጋቢት አካባቢ ከሆነ አራት ካሜራን በጥሩ ጥራት ማየት ዘበት ነው። ፖርትም ቪፒኤንም አያድነውም። በስልኩ ላይ ዝቅተኛውን ምስል ይምረጡ፤ ጥሩው ምስል በመቅረጫው ውስጥ እየተቀዳ ነው። ለአራት ካሜራዎች እያንዳንዳቸው በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢቀዱ በቀን 86 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ አሥራ አንድ ቀን ያህል ይይዛል።

ከመንገዱ ምርጫ በፊት ለራውተሩ፣ ለፋይበር ሣጥኑና ለመቅረጫው የሚበቃ ባትሪ ይግዙ። ሌባ መብራት በጠፋበት ሰዓት የሚመጣ ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ ካሜራ ለማን ተገዛ?

የመቅረጫውንም ሰዓት ይዩት። ከቻይና የሰዓት ክልል ጋር የመጣ መቅረጫ በአምስት ሰዓት ይቀድማል። የእኛ ክልል ሲደመር 3 ነው፤ በዚያ ላይ ሣጥኑ 02፡00 ሲል ለእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ፖሊስ ጣቢያ ቅጂ ይዘው ሲሄዱ ይህን ልዩነት በወረቀት ጽፈው አብረው ይስጡ። ካሜራውን ወደ ጎረቤት ግቢ አያዙሩ፤ አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ደግሞም ጎረቤት ከሌባ በፊት የሚደርስልዎት ሰው ነው።

ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው

ባለቤቶቹ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ልጆቹ ውጭ ያሉ መኖሪያ ቤት ከሆነ፦ ፒቱፒ፣ በቤተሰቡ ስም ተመዝግቦ፣ ዩፒኤንፒ ጠፍቶ። ከልጆቹ አንዱ ቴክኖሎጂ የሚወድ ከሆነ ቴልስኬል፣ እሱም ኃላፊነቱን ወስዶ።

ገላን ወይም ዱከም ያለ መጋዘን፣ ቋሚ አድራሻ የተከፈለበት መስመርና ቀን ቀን የሚመጣ የኮምፒውተር ባለሙያ ያለው ከሆነ፦ ዋየርጋርድ። ሥራ አስኪያጁ፣ ሒሳብ ሹሙና የጥበቃ ኃላፊው የየራሳቸው ቁልፍ ይኑራቸው፤ አንዱ ሥራ ሲለቅ የእሱ ብቻ ይሰረዝ።

እየተሠራ ያለ ቤት ከሆነ ባለ ሲም ካሜራ።

ራቁቱን የተከፈተ የካሜራ ፖርትስ መቼ? የሌላ ድርጅት የክትትል ማዕከል ከአንድ የታወቀ ቋሚ አድራሻ ብቻ እንዲገባ ሲፈለግ፣ ራውተሩም ያን አድራሻ ብቻ እንዲያሳልፍ ሲታዘዝ። ጥበቃው ስም ዝርዝር ይዞ ቆሟል ማለት ነው። ከዚህ ውጭ ላለፉት ዓመታት ለማንም አልከፈትኩም፤ የከፈትኳቸውንም እየዞርኩ ዘግቻለሁ።

ለገጣፎም በዚያው ሰሞን ተመልሼ ሄጄ ፖርቱን ዘጋሁ፣ ዩፒኤንፒውን አጠፋሁ፣ ሶፍትዌሩን አደስኩ፣ መቅረጫውን በልጅቷ ኢሜይል አስመዘገብኩ። ገንዘብ አልተቀበልኩም። ከሳምንት በኋላ እመቤቲቱ ደወሉ። "ዝም ብሏል እኮ፣ በደህናው ነው?" አሉኝ። መቅረጫውን ከስልኬ ስለሰረዝኩት እኔ መዝገቡን ማየት አልችልም፤ ልጃቸው እንድትከፍተው ነገርኳቸው። አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ ሌሊት 9 ሰዓት ከ12፣ በኋላው አጥር በኩል እንቅስቃሴ። ምስሉን ላከችልኝ፤ ሁለት የሚያበሩ ዓይኖችና አንድ ጎባጣ ጀርባ።